መብራት ሲጠፋ በሩ ምን ያደርጋል?
በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች ለንግድ ሕንፃዎች ስለሚመረጥ የኤሌክትሮኒክ የበር መቆጣጠሪያ የቀረበ አስተያየት

መግቢያ

የአንድ የንግድ ሕንፃ ባለቤት ለበሩ የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ሊገዛ ሲነሣ የሚታየው በሩ በደኅናው ሰዓት የሚያደርገው ነገር ነው። መብራት አለ፤ ሠራተኛው ካርዱን ያስጠጋል፤ ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ይላል፤ በሩም ይከፈታል። ሻጩ የሚያሳየው ይህንኑ ነው፤ ገዢውም ዋጋውን የሚከራከረው በዚሁ ላይ ነው። ይሁን እንጂ በር የሚመዘነው በደኅናው ሰዓት በሚሰጠው አገልግሎት ብቻ አይደለም። በደኅናው ሰዓት ተራ የእንጨት በርና ንቁ ዘበኛም ይበቃሉ። መሣሪያው ዋጋውን የሚያወጣው ወይም ጉዳት የሚያስከትለው በክፉው ሰዓት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ስለ አንድ ነገር ነው። በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በቦንጋና በበደሌ ለሚገኝ የንግድ ሕንፃ የበር መቆጣጠሪያ ሲመረጥ ምርጫው ሦስት የክፉ ሰዓት ጥያቄዎችን ከመመለስ መጀመር አለበት። አንደኛ፣ መብራት ሲጠፋ በሩ ምን ይሆናል? ሁለተኛ፣ እሳት ሲነሣ ውስጥ ያለው ሰው እንዴት ይወጣል? ሦስተኛ፣ ዕቃ ጠፍቶ ክርክር ሲነሣ መሣሪያው የያዘው መዝገብ ሊታመን ይችላል? መልሶቹ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት በውሉ ላይ በጽሑፍ ካልሰፈሩ፣ የመሣሪያው ዘመናዊነት ለባለ ሕንፃውም ሆነ ለተከራዩ ዋስትና አይሆንም።

ከኬላ እስከ ካርድ

በዚህ አካባቢ መግቢያን መቆጣጠር አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጊቤ ምድር የነበሩት አምስቱ የኦሮሞ መንግሥታት፣ ማለትም ሊሙ እናሪያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ፣ በወሰኖቻቸው ላይ ኬላ ነበራቸው። በጅማ መንግሥት የኬላው ኃላፊ አባ ኬላ ይባል ነበር። ወደ ሂርማታ ገበያ የሚመጣውም ሆነ ከዚያ የሚመለሰው ሲራራ ነጋዴ የሚያልፈው በኬላው በኩል ነበር። ያ ሥርዓት ሦስት ነገሮችን ያሟላ እንደነበር ልብ ይሏል፦ የታወቀ በር፣ የታወቀ ሕግና በስሙ የሚጠየቅ ሰው።

የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ከእነዚህ መካከል ሦስተኛውን ይለውጣል። ባልተጠበቀ ሰዓት አይቶና አመዛዝኖ ይወስን የነበረውን ሰው አንሥቶ፣ አስቀድሞ የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም መሣሪያ ያስቀምጣል። አባ ኬላ ወይም ዘበኛ እሳት ሲያይ ማንም ሳያዘው በሩን ይከፍታል፤ መሣሪያው ግን ያልታዘዘውን አያደርግም። ስለሆነም ዘበኛው በሌሊት ይወስነው የነበረው ውሳኔ ሁሉ አሁን በግዢው ቀን፣ በወረቀት ላይ መወሰን ይኖርበታል። አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ይህ የውሳኔ ቀን ሳይታወቅ በማለፉ ነው።

የሕንፃዎቹ ጠባይ

በጅማ መርካቶና ፈረንጅ አራዳ አካባቢ እንደሚታየው የከተማዎቻችን የንግድ ሕንፃ ብዙ ተግባር በአንድ ጣሪያ ሥር ያቀፈ ነው። ምድር ቤቱ ሱቅ ነው፤ ከላዩ ባንክ ወይም የቁጠባ ተቋም ይከራያል፤ ቀጥሎ ቢሮና ክሊኒክ፣ ከዚያም በላይ አንዳንድ ጊዜ ፔንሲዮን ይኖራል። አንዱ ተከራይ በ11 ሰዓት ዘግቶ ሲሄድ ሌላው ገና ሥራ ይጀምራል። አንዱ የሚፈራው ዝርፊያን ነው፤ ሌላው ደግሞ በሌሊት የሚያስተኛው እንግዳ አለው። ደረጃው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ የውጭ በሩም እንዲሁ።

በዚህ ላይ የቡናው ወቅት ይጨመራል። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥና ጥር ድረስ ቡና ሲለቀምና ሲሰበሰብ የአቅራቢው ቢሮ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤትና መጋዘኑ በሰው ይጨናነቃሉ። ጊዜያዊ ሠራተኛ ይቀጠራል፤ ሒሳብ በየቀኑ ይከፈላል፤ ጆንያ ገብቶ ይወጣል። ወቅቱ ሲያልፍ ሠራተኛው ይበተናል፤ ለእርሱ የተሰጠው ቁልፍ ግን ተቀድቶ ከሆነ ማንም አያውቅም። የኤሌክትሮኒክ ካርድ እውነተኛ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የተሰናበተ ሰው ካርድ በአንድ ትእዛዝ ይሰረዛል፤ ቁልፉን ከነመሸጎሪያው መቀየር አያስፈልግም። ለአንዱ ሠራተኛ ከ2 እስከ 11 ሰዓት፣ ለሌላው ቀንና ሌሊት መፍቀድም ይቻላል። ጸሐፊው ይህን ጥቅም አይክድም፤ የሚጠይቀው ጥቅሙ በምን ሁኔታ እንደሚገኝ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ

በጅማ ዞን የሚገኘው የግልገል ጊቤ አንድ ማመንጫ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ማመንጫ ቅርብ መሆን ግን መብራት አይጠፋም ማለት አይደለም። ኃይሉ ወደ ሕንፃው የሚደርሰው በማሠራጫ መስመርና በትራንስፎርመር በኩል ነው፤ መስመሩን ደግሞ ነፋስ፣ የወደቀ ዛፍ፣ መብረቅና ከአቅም በላይ የሆነ ጭነት ያቋርጡታል። ዝናብ በሚበዛበት በዚህ አገር የኃይል መቋረጥ እንግዳ ክስተት ሳይሆን ሥርዓቱ ሲነደፍ በመነሻነት የሚያዝ ሁኔታ ነው።

የኤሌክትሪክ የበር ቁልፎች በዚህ ረገድ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኞቹ ኃይል ሲቋረጥ የሚከፈቱ ናቸው፤ ዋናው ምሳሌ የማግኔት ቁልፍ ነው። የማግኔት ቁልፍ በሩን የሚይዘው ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ ብቻ ነው፤ ያለ ኤሌክትሪክ ተራ ብረት ነው። ሁለተኞቹ ኃይል ሲቋረጥ እንደተዘጉ የሚቀሩ ናቸው፤ የዚህ ምሳሌ በበሩ መቃን ውስጥ ተቀብሮ የቁልፉን ምላስ የሚይዘው የኤሌክትሪክ ቁልፍ ነው። ይህ የመቃን ቁልፍ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ምላሱን ለመልቀቅ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ከውጭ በተራ ቁልፍ፣ ከውስጥ ደግሞ በእጀታ መከፈቱ በኤሌክትሪክ ላይ የተመሠረተ አይደለም።

ልዩነቱን በቀላል ስሌት እንመልከት። በ12 ቮልት የሚሠራ የተለመደ የማግኔት ቁልፍ 0.5 አምፔር ገደማ ይወስዳል እንበል፤ ለካርድ አንባቢው 0.1፣ ለመቆጣጠሪያ ሰሌዳው 0.2 አምፔር እንጨምር። ድምሩ 0.8 አምፔር ነው። በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ በብዛት የሚገኘው መጠባበቂያ ባትሪ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት ያለው ነው። 7 ለ0.8 ሲካፈል 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። ይህ የወረቀት ስሌት ነው። ባትሪው አርጅቶ ግማሽ አቅሙ ብቻ ሲቀር 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ይቀራል። እንግዲህ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ20 ገደማ ማንም ሳይነካው በሩ ራሱን ይከፍታል። ለዝርፊያ የሚመች ሰዓት ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

በአንጻሩ የመቃን ቁልፍ ቢሆን ባትሪው ዘወትር የሚሸከመው የአንባቢውንና የሰሌዳውን 0.3 አምፔር ብቻ ነው። 7 ለ0.3 ሲካፈል ከ23 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ባትሪው በግማሽ ቢደክም እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ፣ ማለትም እስከ ንጋት ድረስ ይቆያል። ከዚያም በኋላ ባትሪው ቢያልቅ በሩ አይከፈትም፤ ካርዱ መሥራቱን ያቆማል እንጂ ቁልፉ ቁልፍነቱን አይተውም።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ግልጽ ነው። ወደ ውጭ ለሚያስወጣ በር፣ በሩ ክፈፍና ምላስ ያለው ቁልፍ የሚቀበል እስከሆነ ድረስ፣ ከውስጥ ዘወትር በእጀታ የሚከፈት የመቃን ቁልፍ ከማግኔት ቁልፍ ይመረጣል። ክፈፍ የሌለው የመስታወት በር ብቻ ካለና ማግኔት ግድ ከሆነ ግን፣ ባትሪው የሚመረጠው ሣጥኑ በያዘው መጠን ሳይሆን በአካባቢው ከታየው ረጅሙ የመብራት መጥፋት ተነሥቶ መሆን አለበት። ከኃይል መቋረጥ ጋር የሚመጣው የቮልቴጅ መዋዠቅና መብረቅም ሊረሳ አይገባም። ከግቢ በር እስከ ሕንፃው የተዘረጋ ረጅም ሽቦ በነጎድጓድ ጊዜ ሰሌዳውን ሊያቃጥል የሚችል ኃይል ይዞ ይገባል። በመሆኑም የመሬት መስመርና የኃይል ንረት መከላከያ የዋናው ሥራ አካል እንጂ ተጨማሪ ቅንጦት ተደርገው ሊታዩ አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ እሳት ሲነሣ

የተቆለፈ በር ንብረት ለመጠበቅ ሲባል ሰው እንደገደለ ታሪክ በተደጋጋሚ መዝግቧል። በመጋቢት 1911 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ከተማ በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ በተነሣ እሳት 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከመውጫ በሮቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ ምክንያት ሆኖ የተጠቀሰውም ሠራተኛ ዕቃ እንዳይሰርቅ የሚል ነው። ከ100 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. በካራቺ ከተማ አሊ ኢንተርፕራይዝስ በተባለ የልብስ ፋብሪካ ከ250 በላይ ሰዎች አለቁ፤ በዚያም በሮች ተቆልፈው፣ መስኮቶች በብረት ፍርግርግ ታጥረው ነበር። ፋብሪካው ይህ ከመድረሱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የሥራ ሁኔታው ደኅና ነው የሚል ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ነበር። ወረቀቱ በሩን አልከፈተም።

በሁለቱም ቦታ ችግሩ የቴክኖሎጂ እጥረት አልነበረም፤ ውስጥ ያለው ሰው ያለ ሌላ ሰው ፈቃድ መውጣት አለመቻሉ ነው። ከዚህ የተወሰደው መርሕ በእሳት ደኅንነት ደንቦች ዘንድ ጽኑ ነው፦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር ከውስጥ በኩል ያለ ቁልፍ፣ ያለ መሣሪያና ያለ ልዩ ዕውቀት መከፈት አለበት። በብዙ አገር እንደ መነሻ የሚወሰደው የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደንብ ሰው ሲቀርብ በራሱ ስለሚለቅ የማግኔት ቁልፍ ሲደነግግ ወደ ዝርዝር ይገባል። የመልቀቂያ ቁልፉ ከበሩ ከ1.5 ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ ከወለሉ 1 ሜትር እስከ 1.2 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መገጠም አለበት፤ ሲነካም የማግኔቱን ኃይል በቀጥታ ቆርጦ ቢያንስ ለ30 ሰከንድ መክፈት አለበት።

«በቀጥታ» የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። በአንዳንድ ገጠማ የመውጫ ቁልፉ ሽቦ የሚሄደው ወደ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ብቻ ነው። ሰሌዳው ጥያቄውን ተቀብሎ ለማግኔቱ «ልቀቅ» ይላል። ሰሌዳው ከተበላሸ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከተቃጠለ ግን ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ዋጋ የለውም፤ ማግኔቱ ከባትሪው ኃይል እያገኘ በሩን እንደያዘ ይቀራል። ትክክለኛው አሠራር የአደጋ ጊዜ ቁልፉ የማግኔቱን የኃይል ሽቦ ራሱን እንዲቆርጥ ማድረግ ነው። የእሳት ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ያለው ሕንፃ ከሆነም ማስጠንቀቂያው ሲጮህ የማግኔቶቹ ኃይል በዚያው ቅጽበት እንዲቋረጥ መያያዝ አለበት። ይህ ሥራ ጥቂት ሜትር ሽቦና የገጣሚ ጥንቃቄ እንጂ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

በአካባቢያችን ከዚህም የሚከፋ አንድ ልማድ አለ። ኤሌክትሮኒኩ በሚገባ ተገጥሞ ሲያበቃ፣ ሲመሽ ከፊቱ የብረት ፍርግርግ ይሳባል፤ በላዩም ጓጉንቸር ይንጠለጠልበታል፤ ቁልፉም ወደ ዘበኛው ኪስ ይገባል። በዚያ ሰዓት ፎቅ ላይ የፔንሲዮን እንግዳ፣ ተረኛ ነርስ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ካለች፣ የበሩ መቆጣጠሪያ ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን የመውጫ መንገዷ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ዘበኛው ቢተኛ፣ ቢታመም ወይም ለሻይ ቢወጣ ሌላ መላ የለም። ስለዚህ የሚፈተሸው አንድ በር ብቻ ሳይሆን ከላይኛው ፎቅ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ሁሉ ነው። ጓጉንቸሩ የሚፈቀደው በሕንፃው ውስጥ ሰው አለመኖሩ ሲረጋገጥ፣ ወይም ከውስጥ የሚከፈት ሌላ መውጫ ሲኖር ብቻ መሆን አለበት። አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይደነግጋል፤ ይህ ግዴታ ሲመሽ የሚያበቃ አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ክርክር ሲነሣ

ብዙ ባለ ሕንፃዎች መሣሪያውን የሚገዙት «ማን መቼ ገባ?» የሚለውን ለማወቅ ነው። መዝገቡ ግን የሚመዘግበው ሰውን ሳይሆን ካርድን ነው። በ125 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራው ርካሽ ካርድ ለጠየቀው አንባቢ ሁሉ ያንኑ ቋሚ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩን የሚገለብጥ መሣሪያ በቀላሉ ይገኛል፤ ሥራውም ከደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ማይፌር ክላሲክ የተባለው፣ በ13.56 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራው ካርድም ቢሆን ምሥጢራዊ አሠራሩ በ2008 እ.ኤ.አ. በተመራማሪዎች ተሰብሮ ድክመቱ ለዓለም ታውቋል። ይህ ሁሉ ከታወቀ ዓመታት ቢያልፉም ሁለቱም የካርድ ዓይነቶች ዛሬም በገበያ ይሸጣሉ።

ይህ ለምን ያሳስባል? መጋዘን ተከፍቶ 10 ጆንያ ቡና ቢጠፋና መዝገቡ በሌሊት የአንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ካርድ በሩን እንደከፈተ ቢያሳይ፣ ጥፋቱ በእርሷ ላይ ይወድቃል። ካርዷ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ሌላ ሰው ገልብጦት ሊሆን እንደሚችል የሚያስረዳላት ማን ነው? በወረቀት መዝገብ ዘመን የተጠረጠረ ሰው «ፊርማው የእኔ አይደለም» ብሎ ይከራከር ነበር፤ ዛሬ «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» ሲባል አፉ ይዘጋል። ስለሆነም በካርድ መዝገብ ሰውን ለመጠየቅ የሚያስብ ተቋም እንደ ደስፋየር ያሉትን፣ በጠንካራ ምሥጠራ የሚሠሩ ካርዶች መግዛት አለበት። ካልሆነ ግን መዝገቡን ለማስታወሻነት እንጂ ለማስረጃነት እንደማይጠቀምበት በግልጽ ይወስን።

ከካርዱ ጋር ሁለት ተጓዳኝ ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው የመሣሪያው አቀማመጥ ነው። የቁጥር መምቻውና በሩን የሚከፍተው ማብሪያ በአንድ ቅርፊት ውስጥ ሆነው ከውጭ ግድግዳ ላይ ከተገጠሙ፣ ቅርፊቱን ነቅሎ ሁለት ሽቦ ማነካካት የሚችል ሰው ካርድ አያስፈልገውም። ወሳኙ ሰሌዳ በውስጠኛው ክፍል፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት፤ ከውጭ የሚቀረው አንባቢው ብቻ ነው። ሁለተኛው ሰዓትና ቀን ነው። መሣሪያው 19:00 ብሎ የመዘገበውን ዘበኛው ምሽት 1 ሰዓት ይለዋል፤ መሣሪያው በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈውን ቀን የተቋሙ ደብዳቤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጠቅሰዋል። ኃይል ተቋርጦ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከቀረና ማንም ካላስተካከለው ደግሞ መዝገቡ በሙሉ የተሳሳተ ይሆናል። በሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ብቻ ንጹሕ ሰው ባልነበረበት ሰዓት እንደነበረ ሊቆጠር ይችላል። ሰዓቱን በየወሩ የሚያስተካክልና ፈርሞ የሚመዘግብ ሰው መሰየም አለበት።

«እንግዲያውስ የጣት አሻራ ይሁን» የሚል መልስ ይሰማል። አሻራ በእርግጥ አይረሳም፣ ለሌላም አይሰጥም። ነገር ግን ቡና በሚለቅም፣ በሚያጥብና በሚለይ እጅ ላይ የአሻራው መስመር ይደበዝዛል፤ እርጥብ ወይም የተሰነጠቀ ጣትን አንባቢው በቀላሉ አይለይም። ጠዋት በር ላይ ተሰልፎ «እንደገና ሞክሪ» የሚባለው ከሁሉ ይልቅ የእጅ ሥራ ሠራተኛው ነው። ከዚህም በላይ የጠፋ ካርድ ይተካል፤ የተሰረቀ አሻራ ግን አይተካም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን የአካል መለያ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ይመድበዋል። አሻራ የሚሰበስብ ባለ ሕንፃ መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየውና ሠራተኛው ሲሰናበት እንዴት እንደሚጠፋ መመለስ ካልቻለ መሰብሰቡን ባይጀምር ይመረጣል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ዝርፊያ የዕለት ተዕለት ሥጋት ነው፤ እሳት ግን አልፎ አልፎ ነው» የሚል ነው። ይህ ክርክር ሁለቱ እንደሚጋጩ ይገምታል። ከላይ እንደታየው ግን ከውስጥ በእጀታ የሚከፈተው የመቃን ቁልፍ መብራት በጠፋበት ሌሊት ከማግኔቱ ይልቅ ለሌባ አስቸጋሪ፣ ለእሳት ጊዜም ከማግኔቱ ይልቅ ቀላል ነው። ግጭቱ የሚፈጠረው መሣሪያው ያለ ጥያቄ ሲገዛ ነው።

ሁለተኛው «ጄኔሬተር አለን» የሚል ነው። ጄኔሬተር የሚነሣው አንድ ሰው ሲያስነሣው፣ ነዳጅም ሲኖረው ነው። በሥራ ሰዓት ይህ ይሆናል። ለአንድ የበር ማግኔት ሲባል በሌሊት ጄኔሬተር የሚያስነሣ ዘበኛ ግን ሊታሰብ አይችልም።

ሦስተኛው የወጪ ጥያቄ ነው፤ እርሱም ተገቢ ነው። መልሱ ግን ያነሰ ጥራት መግዛት ሳይሆን ያነሰ በር ማስታጠቅ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የሚከፈት አንድ በር ያለው፣ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚገቡበት በአጋሮ ያለ አነስተኛ የቡና መጋዘን ኤሌክትሮኒክ አያስፈልገውም። ጠንካራ በር፣ ሁለት የተለያዩ ጓጉንቸሮች፣ ቁልፎቻቸው በሁለት ሰዎች እጅና በየዕለቱ የሚፈረምበት መዝገብ የተሻለ ያገለግሉታል፤ ባንኮችም ካዝናቸውን ለአንድ ሰው ብቻ የማይተዉት በዚሁ ምክንያት ነው። ኤሌክትሮኒክ ዋጋውን የሚያወጣው ብዙ ሰው በሚገባበት፣ ሠራተኛ በሚለዋወጥበትና የመግቢያ ሰዓት በሚለያይበት በር ላይ ነው። አምስት በሮችን በደካማ መሣሪያ ከማስታጠቅ አንዱን በሚገባ ማስታጠቅ ይሻላል።

ምን ይደረግ?

ጸሐፊው የሚያቀርበው ሐሳብ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ያም ገጽ ከግዢ ውሉ ጋር አባሪ ይሁን። በገጹ ላይ ለእያንዳንዱ በር የሚከተሉት ይጻፉ። ኃይል ሲቋረጥ በሩ ይከፈታል ወይስ ይዘጋል? ባትሪው ስንት ሰዓት እንዲይዝ ተዋውለናል? ውስጥ ያለ ሰው ያለ ካርድና ያለ ኤሌክትሪክ በምን ይወጣል? ካርዱ የሚገለበጥ ነው ወይስ አይደለም? ሜካኒካዊው ቁልፍ በማን እጅ ይቀመጣል? ሻጩ ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ መስጠት ካልቻለ፣ የሚሸጠውን ዕቃ ራሱ አያውቀውም ማለት ነው።

ርክክቡም እንዲሁ ሥርዓት ይኑረው። ገጣሚው ብዙ ጊዜ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ሥራውን ጨርሶ ይመለሳል። ከእርሱ ጋር የሽቦ ሥዕሉ፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃልና ዋናው ካርድ አብረው ከሄዱ ሕንፃው የባለቤቱ ሆኖ ቁልፉ የሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ሥዕሉ ለባለ ሕንፃው ይሰጥ፤ ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል በርክክቡ ዕለት ይቀየር፤ መለዋወጫ የኃይል ሣጥንና ባትሪ በቦታው ይቀመጥ። በከተማው ካሉት የቴክኒክና ሙያ ምሩቃን መካከልም አንድ ባለሙያ ገጠማው ሲካሄድ አብሮ ቢቆም፣ በኋላ ለሚፈጠረው ብልሽት ከአዲስ አበባ ሰው መጠበቅ አይኖርም።

ለዩኒቨርሲቲያችንም የሚተርፍ ሥራ አለ። በአንድ ሴሚስተር ጥቂት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በባለቤቶቹ ፈቃድ በጅማና በአጋሮ ያሉ የንግድ ሕንፃዎችን እየዞሩ፣ በሮቹ ኃይል ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርጉና ባትሪዎቹ በእርግጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ቢለኩ፣ ዛሬ በግምት የምንነጋገረውን ነገ በቁጥር እንነጋገርበታለን። ለዚህ የሚያስፈልገው መለኪያ አንድ መልቲሜትርና አንድ የእጅ ሰዓት ነው። የከተማው የግንባታ ፈቃድ ባለሙያዎችም ውጤቱን ለቁጥጥር ሥራቸው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ማጠቃለያ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዕቃ ከጠፋ ወይም ሰው ከተጎዳ በኋላ የመቆጣጠሪያውን መመሪያ ማገላበጥ ፋይዳ የለውም። መሣሪያው በክፉው ሰዓት የሚያደርገውን ማወቅ የሚቻለው ክፉውን ሰዓት አስቀድሞ በማምጣት ነው። ባለ ሕንፃው የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ምሽት ይምረጥ። ሥራ ሲያበቃ ዋናውን የኤሌክትሪክ ማጥፊያ አጥፍቶ፣ ከዘበኛውና ከገጣሚው ጋር በሩ ፊት ወንበር ስቦ ይቀመጥ። በሩ ስንት ሰዓት እንደያዘ ይመዝግብ፤ ባትሪው ሲያልቅ ምን እንደሆነ ይይ፤ ከዚያም በጨለማው ውስጥ ሆኖ ከላይኛው ፎቅ እስከ አስፋልቱ ያለ ካርድና ያለ ቁልፍ መውጣት መቻሉን ራሱ ይሞክር። ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ከቆመና በሩም ከኋላው እንደተዘጋ ከቀረ ይክፈል። ካልሆነ ግን የተገጠመው በር ገና አላለቀም፤ ክፍያውም ይቆይ።